የማን እናት?

አዊቲ ካልሲዋን ማጠብ ከተወች ሐሙስ ጠዋት ስድስተኛ ቀኗን ያዘች። የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ፣ ጥቁር ጫማዋን በባዶ እግሯ አጥልቃ በሩ አጠገብ ቆማለች። እናቷ ኮንሶላታ ሻዩን ወደ ፔርሙስ እየገለበጠች የልጅቷን ቁርጭምጭሚት አየች። ሁለቱ ጥንድ ነጭ ካልሲዎች ሳፋው ውስጥ እንደተጨማደዱ ደርቀዋል፤ ካለፈው ዓርብ ወዲህ የነካቸው የለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኮንሶላታ ግቢውን በአንድ እግሩ ታቆመው ነበር። ዛሬ ግን ሻዩን ቀዳች፣ ዳቦውን ቆርሳ ትልቁን ለአዊቲ ሰጠች፤ አዊቲም ለትንሽ እህቷ ለቤሪል አሳለፈችው። ቤሪል ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሁለተኛ ክፍል ናት። የተሰጣትን መብላት እንጂ ለምን እንደተሰጣት መጠየቅ ገና አልጀመረችም።

ቤታቸው ኪሱሙ ከተማ፣ ማንያታ ሰፈር፣ ስምንት በር ባለው ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አበባ ያለበት መጋረጃ ለሁለት ይከፍላታል፤ ከወዲያ አልጋው፣ ከወዲህ ኮንሶላታ የተማሪ ሹራብ የምትሠራበት መኪና። መኪናው ቦታውን ስለያዘው ሦስቱም እኩል መቆም አይችሉም፤ አንዷ አልጋው ላይ መውጣት አለባት። በእንዲህ ያለ ቤት ስድስት ቀን ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ መኖር ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ እናትና ልጅ ግን ተክነውበታል። አባትየው ኦዎር በጭነት መኪና ከሞምባሳ ወደብ ዕቃ ያመላልሳል፣ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። ማታ ማታ ሲደውል ሁለቱም "ደህና ነን" ይሉታል። እንዳይነገረው የተማከሩበት ቀን የለም፣ ግን አልተነገረውም።

"ትነግሪያቸዋለሽ?" አለች አዊቲ።

"ምኑን?"

"አረፋውን ነዋ።"

"እነግራቸዋለሁ አልኩሽ እኮ።"

"እሱ ትላንት ነው። ዛሬስ?"

"ዛሬም እነግራቸዋለሁ። አሁን ሻይሽን ጠጪ።"

የአረፋው ነገር እንዲህ ነው። በየካቲት ወር የሰባተኛ ክፍል አስተማሪው ቲቸር ኦኬሎ፣ እያንዳንዱ ተማሪ እቤቱ ሥራ ሲሠራ ወላጅ ፎቶ አንስቶ በክፍሉ የወላጆች ግሩፕ ላይ እንዲለቅ አዘዘ። ፎቶ የሌለው ማርክ የለውም። አዊቲ ግቢው ውስጥ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ ካልሲዋን ስታጥብ ኮንሶላታ ስልኳን ደግና "እስቲ ሳቅ በይ፣ የቀጡሽ አትምሰዪ" አለቻት። አዊቲ ሳቀች። በግራ ጉንጯ ላይ ድብልብል ያለች የሳሙና አረፋ ተለጥፋ ነበር። ኮንሶላታ ፎቶውን ስትለቀው ቲቸር ኦኬሎ ሦስት የሚያጨበጭቡ እጆች ላከላት። በሳምንቱ ትምህርት ቤቱ ወስዶ በራሱ የኢንተርኔት ገጽ ላይ አወጣው፣ ከነሙሉ ስሟ፣ ከነክፍሏ፣ "ልጆቻችን ሥራ ይወዳሉ" ከሚል ጽሑፍ ጋር። ኮንሶላታ ያን ሰሞን ያላሳየችው ሰው አልነበረም። ሹራብ ሊያስለካ የመጣ ሁሉ ሳያይ አይሄድም።

ባለፈው ዓርብ ያው ፊት ተመልሶ መጣ። ከአንገት በታች ያለው ራቁት ገላ ግን የአዊቲ አልነበረም፤ የማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ማን እንደቀጠለው አልታወቀም፣ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ግን ከስልክ ስልክ እየተቀባበሉት ሲሳሳቁ አንዱ ተያዘ። ዳይሬክተሯ ማዳም ኦዱንዶ ኮንሶላታን አስጠርተው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ወዲያው ደግሞ ገለበጡት። ኮንሶላታ ያየችው ለቅጽበት ነው። ቅጽበቷ ግን በቃቻት፤ አረፋዋ ግራ ጉንጩ ላይ ነበረች። "የዛሬ ልጆች ፎቷቸውን ለማንም ይልካሉ" እያሉ ነበር ማዳም፤ ኮንሶላታ የካልሲውን ፎቶ ሳታነሣ ወጣች። ወላጆች ተሰብስበው እስኪነጋገሩ ድረስ አዊቲ እቤት እንድትቀመጥ የሚል ደብዳቤ ተሰጣት። አዊቲ ሲነገራት አላለቀሰችም። "አረፋ አለው?" ብላ ብቻ ጠየቀች። አለው ስትባል ትንሽ ፊቷ ፈካ። "እንግዲያማ ቀላል ነው፤ አረፋውን ንገሪያቸው" አለች። ነገሩ እውነትም ቀላል ነበር።

ሦስቱም አብረው ወጡ። ቤሪል ወደ ክፍሏ፣ ኮንሶላታ ወደ ስብሰባው፣ አዊቲ ደግሞ ምናልባት ከተፈለገች በሚል ውጭ ልትጠብቅ። የግቢው በር ላይ ሱኩማ የሚሉትን ጎመን የሚሸጡት አሮጊት፣ ግቢው ሁሉ ዳኒ፣ አያቴ፣ የሚላቸው፣ ከወዲሁ ጆንያቸውን አንጥፈዋል።

"ማማ አዊቲ! ምነው ደህና ቀሚስሽን አወጣሽው? ሰው ሞተ ወይስ ሰው አገባ?"

"ስብሰባ ነው ዳኒ። የትምህርት ቤት።"

"እሱ ከሁለቱም ይብሳል። በይ በልተሽ ሂጂ፣ እዚያ ወሬ እንጂ እህል የለም።"

ኮንሶላታ የሚለው ስም የቀረው መታወቂያዋ ላይ ነው። እንደማንኛዋም የወለደች ሴት በበኩር ልጇ ስም ነው የምትጠራው። ለእሷ ግን ይህ ስም እንዲሁ የመጣ አልነበረም። ከአዊቲ በፊት ሁለት ወልዳ ሁለቱንም አርባ ቀን ሳይሞላቸው ቀብራለች። ያኔ ሰው ሊጠራት እየፈለገ ምን እንደሚላት ይቸግረው ነበር፤ "የኦዎር ሚስት" እያለ ያልፋታል። ሦስተኛዋ ስትወለድ አማቷ የሚደረገውን አደረጉ። ሕፃኗን በጨርቅ ጠቅልለው መንገድ ዳር አስቀመጧት፣ ሞት ሲያልፍ "ይቺማ የተጣለች ናት" ብሎ እንዲተዋት። ዳኒም እንዳጋጣሚ ያገኟት መስለው አነሷት፣ "የወደቀ ልጅ አግኝቻለሁ፣ የሚያሳድግ አለ?" እያሉ በሩን አንኳኩ። ስሟም አዊቲ ተባለ፣ የተጣለች ማለት ነው። ሞት ተታለለ፣ ልጅቷ አደገች። መጀመሪያ ጊዜ አንዲት ጎረቤት "ማማ አዊቲ" ብላ ስትጠራት ኮንሶላታ አቤት ማለት አቅቷት አልቅሳለች። እነሆ አሥራ ሦስት ዓመት ሆነው።

ስብሰባው ለአራት ሰዓት ተጠርቶ አምስት ተኩል ላይ ተጀመረ። ቦታው የተማሪዎቹ መመገቢያ አዳራሽ ነው፤ የትላንቱ ባቄላና በቆሎ ሽታ ገና አልለቀቀውም። መስኮቶቹ መስታወት የላቸውም፣ ሽቦ ብቻ። ከመስኮቱ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ አዊቲ ተቀምጣለች፤ ኮንሶላታ ከተቀመጠችበት ሁለተኛው ረድፍ የልጅቷ የተላጨ ጭንቅላት አናቱ ይታያታል። አዊቲ ወደዚህ ትምህርት ቤት የመጣችው በጥር ስለሆነ ከወላጆቹ ኮንሶላታን በመልክ የሚያውቃት የለም። በግሩፕ ላይ ሁሉም ዘመድ ነው፣ እዚህ ሲገናኝ ግን ባዳ ለባዳ ነው። ከመድረኩ ኋላ ትልቅ ሸራ ተሰቅሏል፣ ስማቸው ከሥራቸው የተጻፈ ሃያ የሚሆኑ የሚስቁ ልጆች ታትመውበታል።

ማዳም ኦዱንዶ ተነሡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በሰባተኛ ክፍል አንዲት ልጃችን ላይ የደረሰውን ሰምታችኋል። ስም አንጠራም። እኛ ስም አንጠራም" አሉ ደጋግመው። "የተሰበሰብነው ልጆቻችንን ከኢንተርኔት እንዴት እንደምንጠብቅ ለመማር ነው። እንግዳ ጋብዘናል። ከዚያ በፊት ግን እንተዋወቅ። የማን እናት፣ የማን አባት እንደሆናችሁ፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ፣ በየተራ። ቲቸር ኦኬሎ ይመዘግባል።"

ከፊት ረድፍ ተጀመረ። ማማ ትሬቨር፣ አራተኛ ክፍል። ባባ ሼሪል፣ ዘጠነኛ ክፍል። ማማ ፊዴል፣ አንደኛ ክፍል። ከዚያ አንዲት ወፍራም ሴት "ማማ አኮሎ፣ ሰባተኛ ክፍል" ስትል አዳራሹ ውስጥ ያለ አንገት ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ሴትየዋ ደነገጠች። "ወንድ ነው! አኮሎ ወንድ ነው" አለች፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሷም እፎይ ብላ ሳቀች። ቀጥሎ ሰባተኛ ክፍል ያለችው ደግሞ ሳትጠየቅ "የኔ ልጅ ስልክ ነክታ አታውቅም" ብላ ጨመረች። ተራው ወደ ሁለተኛው ረድፍ ተሻገረ። ኮንሶላታ የምትለውን አዘጋጅታ ነበር። ማማ አዊቲ ነኝ፣ ሰባተኛ ክፍል። ፎቶውን የላክሁት እኔ ነኝ፣ ለቤት ሥራ። ጉንጯ ላይ ያለውን አረፋ እዩት። ሌሊቱን ሙሉ ስትለው አድራለች፤ ትንፋሽ ሳትወስድ ትጨርሰዋለች። አጠገቧ ያለችው ሴት "ማማ ጆይ፣ ሁለተኛ ክፍል" ብላ ተቀመጠች። ኮንሶላታ ተነሣች። ቲቸር ኦኬሎ ከመዝገቡ ቀና ብሎ አያት፤ ማን እንደሆነች ያውቃል፤ ማዳም ኦዱንዶም ያውቃሉ። ሰባ ሰው ፊቷን አየ።

"ማማ ቤሪል" አለች። "ሁለተኛ ክፍል።"

ውሸት እንኳ አልነበረም። ቤሪልንም የወለደቻት እሷ ናት። ቲቸር ኦኬሎ እስክሪብቶውን አንጠልጥሎ ትንሽ ቆየና "ማማ ቤሪል" ብሎ ጻፈ፣ ልክ አንድ ሸክም የወረደለት ሰው መስሎ። ኮንሶላታ ተቀመጠች። ወደ መስኮቱ ላለማየት ታገለች፣ አየችም። ጭንቅላቱ ካለበት ንቅንቅ አላለም። አልሰማችም ይሆናል ብላ ራሷን አባበለች፤ ግን መስኮቱ ክፍት ነው፣ ድምፅዋም ከፍ ያለ ነበር። ያፈረችው በልጇ ይሁን በራሷ አታውቀውም። ማፈሯን ግን ታውቃለች፤ ልጆቿን በቀበረች ጊዜ እንኳ እንዲህ ከሰው ፊት መጥፋት አላማራትም።

እንግዳዋ በየትምህርት ቤቱ እየዞረች ይህንኑ የምታስተምር ቀጭን ወጣት ሴት ናት። ደህና ተናጋሪ ነበረች። ስልክ ሰው በሚያይበት ቦታ ይሁን አለች። ልጆቻችሁ ከማን ጋር እንደሚያወሩ በወዳጅነት እንጂ በፖሊስነት አትጠይቁ አለች። የልጅ ፊት፣ ሙሉ ስምና የትምህርት ቤት ልብስ በአንድ ላይ አይውጣ ስትል ማዳም ኦዱንዶ ሳል ያዛቸው፤ ኋላቸው ያለው ሸራ በነፋስ ተርገበገበ። "ከሁሉ በላይ" አለች እንግዳዋ፣ "ልጅ መጥታ ስትነግራችሁ አትጩኹባት፤ 'እኔ ካንቺ ጋር ነኝ' በሏት። ከየትኛውም የይለፍ ቃል ይህች ቃል ትበልጣለች።" ወላጆች ደብተር አውጥተው ጻፉ። ኮንሶላታም እስክሪብቶ ተውሳ ጻፈች። እኔ ካንቺ ጋር ነኝ።

"አሁን ፊት ብቻ ካገኙ ሌላውን ማሽን ይሠራላቸዋል" አለች እንግዳዋ። "ስለዚህ ልጅቷ ጥፋት ላይኖርባት ይችላል። ፎቶው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው አለ?"

ኮንሶላታ ታውቃለች። ቲቸር ኦኬሎም ያውቃል፤ ሦስት እጅ ያጨበጨበው እሱ ነው። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። እሱ መዝገቡን አየ። እሷ ጭኗ ላይ የነበረ እጇን እስከ ደረቷ ድረስ አነሣችው። ግን ምን ልትል? የሁለተኛ ክፍሏ የቤሪል እናት የአረፋውን ነገር ከየት ሰማች? ማነሽ አንቺ ቢሏትስ? አንዴ የተናገረችው ቃል በሩን ከውጭ ቀርቅሮባታል። እጇን ወደ ፀጉሯ ወሰደችና ሻሿን አስተካከለች።

"ከየት ይመጣል ብላችሁ ነው?" አለ ባባ ሼሪል፣ ብድግ ብሎ። "እራሷ ልካለች፣ አለቀ። እኔ ማየት የምፈልገው እናቲቱን ነው። እንደው ምን ዓይነት ሴት ናት? ዛሬ እንኳ ብቅ አላለችም።"

"ከየት አባቷ ትመጣለች" አለች ማማ አኮሎ። ጭብጨባ ሆነ። ማማ ጆይ ወደ ኮንሶላታ ጆሮ ጠጋ ብላ "የኛዎቹ ትንንሾች መሆናቸው፣ ተመስገን ነው ማማ ቤሪል" አለቻትና ከተሰጣት ማንዳዚ፣ በዘይት ከተጠበሰው ዳቦ፣ ግማሹን ቆርሳ አካፈለቻት። ኮንሶላታ ተቀበለች። በላችም። ማዳም ኦዱንዶ ሲዘጉ፣ ለልጅቷም ለትምህርት ቤቱም ሰላም ሲባል ወላጆቿ ሌላ ቦታ እንዲፈልጉላት እንደሚጻፍላቸው ተናገሩ። ኮንሶላታ እንደገና ወደ መስኮቱ ስታይ ጭንቅላቱ አልነበረም።

አዊቲን ያገኘቻት ከአጥሩ ሥር፣ ቤሪልን ከክፍል አውጥታ፣ ቦርሳዋን ተሸክማላት ቆማ ነው።

"ዕድል አልሰጡኝም" አለች ኮንሶላታ። "ሰዉ ብዙ ነበር።"

"እሺ" አለች አዊቲ።

መንገዱን ሁሉ ያወራችው ቤሪል ናት። እርሳሷን ማን እንደሰረቃት፣ መምህሯ ለምን እንዳነከሱ፣ ሁሉንም ተራ በተራ። ኮንሶላታ የአንዷን እጅ ይዛለች። የሌላዋ እጅ ቦርሳው ማንገቻ ላይ ነው።

እቤት እንደገቡ አዊቲ መጋረጃውን አልፋ አልጋው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ኮንሶላታ ሹራብ መኪናው ላይ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። ለሰባተኛ ክፍል ግሩፕ የምትልከውን እየደመሰሰች፣ እንደገና እየጻፈች ግማሽ ሰዓት ፈጀች። "እኔ ማማ አዊቲ ነኝ። ዛሬ ስብሰባው ላይ ነበርኩ። ፎቶው የካልሲው ፎቶ ነው፣ የላክሁት እኔ ነኝ። ልጄ ምንም አላደረገችም።" መጀመሪያ ማስታወሻ ላይ ነበር የጻፈችው፣ እጇን አላምን ብላ። ገልብጣ ግሩፑ ላይ ልትለጥፈው ስትል የመጻፊያው ቦታ የለም። በቦታው አንድ ግራጫ መስመር አለ፦ ከዚህ በኋላ መልእክት መላክ የሚችሉት የግሩፑ ኃላፊዎች ብቻ ናቸው። ለልጆቻችን ደኅንነት ሲባል ተብሎ ከአንድ ሰዓት በፊት ተዘግቷል፤ የዘጋው ቲቸር ኦኬሎ ነው። ወደ ላይ ስትገፋው፣ ከብዙ መልእክት በላይ፣ አዊቲ ከሳፋው ላይ ቀና ብላ እየሳቀች አገኘቻት። ያችን ፎቶ እንኳ ያጠፋት የለም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ለእራት ሱኩማ ያስፈልግ ነበር። ብቻዋን መሄድ ትችላለች፤ "ነይ አድርሺኝ" አለች ግን፣ አዊቲም ተነሥታ ተከተለቻት። ጫማዋን አሁንም በባዶ እግሯ ነው ያደረገችው። ኮንሶላታ በነዚያ ሃያ እርምጃዎች ውስጥ ደብተሯ ላይ የጻፈችውን ቃል ልትናገር ፈለገች። ስትጽፈው ቀላል ነበር።

ዳኒ ሱኩማውን በቀጭኑ እየከተፉ ነበር። "ማማ አዊቲ! ከወሬው ገበያ ተመለስሽ? ስንት አትርፈሽ መጣሽ?"

ኮንሶላታ አቤት ልትል አፏን ስትከፍት አዊቲ ቀደመች።

"ማማ ቤሪል ናት" አለች። ተቆጥታ አልነበረም፤ የተሳሳተ ሰው ሲታረም እንደሚባለው በቀስታ ነው ያለችው።

ዳኒ ከት ብለው ሳቁ። "ኧረ? ከመቼ ወዲህ? አንቺስ የማን ሆንሽ?"

አዊቲ ጆንያው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላ የወደቁትን ቅጠሎች መልቀም ጀመረች። "ዳኒ፣ ያኔ መንገድ ላይ አግኝተው ሲያነሱኝ…"

"እህ፣ ሲያነሱሽ?"

"ለምን መለሱኝ?"

"አይ ይቺ ልጅ! በምን ላጠባሽ ነው?" አሉ ዳኒ ደረታቸውን መታ መታ እያደረጉ። "ደግሞስ እናትሽ ፋታ መቼ ሰጠችኝ? የወደቀ ልጅ አግኝቻለሁ ብዬ ሳልጨርስ ከነጨርቅሽ ነጠቀችኝ። የኔ ናት፣ የኔ ናት ስትል ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ጠይቂያት።"

አዊቲ አልጠየቀችም። የለቀመቻቸውን ቅጠሎች ክምሩ ላይ መልሳ ተነሣችና፣ ቀሚሷን አራግፋ ወደ ግቢው ብቻዋን መራመድ ጀመረች። ኮንሶላታ እጇን ወደ ልጇ ዘረጋች። ዳኒ ለሱኩማው መስሏቸው በጋዜጣ የጠቀለሉትን እጇ ላይ አኖሩላት።